የመጥረቢያው ድምፅ ሲቆም

መጀመሪያ የሚሰማው መጥረቢያ ነው።

ከሣር ክዳኑ ቤት ጀርባ ሰው እንጨት ይፈልጣል፤ ሰውየው ግን አይታይም። የሚታየው ደጃፉ ላይ ካለው መደብ ተቀምጣ ምስር የምትለቅም ወጣት ሴት ብቻ ናት። መጥረቢያው ያርፋል፣ ይነሣል፣ ያርፋል። ከዚያ ድንገት ይቆማል። የሴትዮዋ እጅ ሰፌዱ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ አንገቷን ወደ ቤቱ ማዕዘን ታዞራለች። ድምፁ እንደገና ሲጀምር ትተነፍሳለች፤ የሚያያትም ሰው አብሯት ይተነፍሳል። ሌላ ምንም አይሆንም። ፊልሙ የሚከፈተው እንዲህ ነበር።

«ሰውን የሚያስፈራው ድምፅ አይደለም፤ የለመደው ድምፅ ሲቆም ነው» ይል ነበር ዳይሬክተሩ ውበቱ። ፈላጩም ራሱ ነበር፤ መቼ እንደሚቆም ተዋናይቷ እንዳታውቅና ፍርሃቷ እውነተኛ እንዲሆን ብሎ።

ሰኔ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ አምስት ሰዓት ሲሆን፣ ከአማኑኤል ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለው የአቶ አበባው ግቢ ውስጥ ድምፁ ለሦስተኛ ጊዜ ቆመ፤ አልተመለሰም። ተዋናይቷ ሂዊ ጠበቀች። የካሜራ ባለሙያው መሳፍንት ጠበቀ። ቤት ውስጥ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ድምፅ የሚቀዳው ፍሥሐም ጠበቀ። ቀጥሎ የተሰማው ከጓሮ የወጣ የሽማግሌ ጩኸት ነበር።

መሳፍንት ከሁሉም ቀድሞ ሮጠ። ውበቱ ከሚፈልጥበት ግንድ አጠገብ በደረቱ ተደፍቷል። የመጀመሪያው ምት ከኋላ ትከሻውን እስከ አጥንቱ ሰንጥቆታል፤ ሁለተኛው ማጅራቱን ከፍቶታል። የቀኝ እጁ ጣቶች ጭቃውን ቧጥጠው እንደያዙ ቀርተዋል። ከበላዩ የቤቱ ባለቤት አቶ አበባው ቆመዋል። ለበዓሉ የለበሱት ነጭ ጋቢ በደም ርሷል፤ መጥረቢያው በእጃቸው ነው።

«ገደለው» አለ መሳፍንት፣ ሽማግሌውን ገፍትሮ ሬሳው አጠገብ እየተንበረከከ። «ሰውየው ገደለው!»

ኢንስፔክተር የብርጓል ከደብረ ማርቆስ ስትደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። አርባ ዓመት የሞላት፣ ስትሄድም ስትናገርም የማትቸኩል ሴት ናት። የአማኑኤሉ ሳጅን ዓለምነው በሩ ላይ ተቀበላት። አቶ አበባውን እጃቸውን አሥሮ ከጎተራው ሥር አስቀምጧቸዋል።

«ኢንስፔክተር፣ ይኸኛው እንኳ ብዙ የሚያለፋ አይደለም» አላት። «መጥረቢያውን ይዞ ነው የተገኘ። ትናንትም በሰው ፊት ዝቶበታል።»

ዛቻው አጭር ነበር። ሽማግሌው ግቢያቸውን ለቀረጻ ሲፈቅዱ፣ በሚካኤል ዕለት እንጨት እንዳይፈለጥ አስጠንቅቀዋል። ውበቱ ሲከራከራቸው «በሚካኤል መጥረቢያ ያነሣህ እንደሆን እኔም አነሣብሃለሁ» ብለውታል።

«ሌላም አለ» አለ ሳጅኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ አወቀ የሚባለው፣ ከደብረ ኤልያስ ተነሥቷል። መርዶውን የነገረው ሰው የገዳዩንም ስም አብሮ ነግሮታል። ጠመንጃ ይዟል፤ ሁለት ያጎቱ ልጆችም አሉበት።»

«አያ አበባውን ወደ ጣቢያ ብታወርዳቸውስ?»

«እሳቸውን አወርዳለሁ። ሦስት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ እነሱን የት አደርሳለሁ? ለደም ልጅም ይበቃል።»

የብርጓል ይህን አልተከራከረችም። የሳጅኑን ያህል ታውቀዋለች፤ አንድ ደም ሃያ ዓመት ሲመላለስ አይታለች። አወቀ እስኪደርስ ያላት ጊዜ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። እሱ ሲደርስ ደግሞ ፖሊስ የሚያምነው ነገር ብቻ አይበቃም፤ እሱ ራሱ የሚያምነው ነገር ያስፈልጋል።

ወደ ጓሮ ዞራ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የሟቹን ሸሚዝ ጀርባ ነካችው፤ ርጥብ ነው፣ ደም ያልነካው ቦታ ሳይቀር። ከራስጌው የወረደው ደም ውኃ ገብቶበት ቀጥኗል። ጎኑን ቀስ ብላ ቀና አደረገችና ከሥሩ ያለውን ፍቅፋቂ ዘገነች። ፍቅፋቂው ደረቅ ነበር።

«ዛሬ ዘንቧል?»

«ካፊያ ነገር። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሮ ሩብ ሰዓት ያህል ጥሎ አባራ» አለ ሳጅኑ።

ግንዱን አየችው። ርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፤ ትናንት ለልምምድ የተፈለጠው እንጨት ከግድግዳው ሥር ተደርድሯል፣ ይኸኛው ግን ዛሬ ጧት የመጣ ነው። ሁለት የመጥረቢያ ጠባሳ አለበት። ሁለት ብቻ።

«ስንት ጊዜ ፈለጠ አሉህ?»

«እየቆመ እየጀመረ ሩብ ሰዓት።»

የብርጓል ጠባሳዎቹን በጣቷ ለካች።

ሂዊ ቤት ውስጥ፣ የአቶ አበባው ባለቤት የወይዘሮ ሥራነሽን ኩታ ተከናንባ ተቀምጣ ነበር። ቃሏን ስትሰጥ እየቆመች፣ እያለቀሰች ነው። ካፊያው ከመጣሉ በፊት ጀምሮ እስኪያባራ ወይዘሮ ሥራነሽ ጸጉሯን ትሠራላት ነበር፤ ፍሥሐም እዚያው ማይክሮፎን ከቀሚሷ ላይ ያስር ነበር። ውጭ የነበሩት ውበቱና መሳፍንት ብቻ ናቸው። ካፊያው ሲያባራ ወጥታ መደቡ ላይ ተቀመጠች፣ ቀና ብላ ካሜራውን እንዳታይ ታዘዘች፣ ወዲያው መጥረቢያው ጀመረ።

«ጀምሪ ያለሽ ማን ነው?»

«መሳፍንት። ‹ውበቱ ዝግጁ ነኝ ብሏል፤ ቁጭ በይ› አለኝ።»

«ውበቱን ራሱን አየሽው?»

ሂዊ አሰበች። «አላየሁትም። ግን ሰማሁት እኮ፤ ይፈልጥ ነበር።»

ከዚያ ስለ ትናንቱ ጠየቀቻት። ልምምዱ መልካም እንደነበር፣ ውበቱ ግን መሳፍንትን ያለ ነገር እንዳዋረደው ነገረቻት። መሳፍንት ካሜራው የት እንደሚቆም ሐሳብ ሲሰጥ፣ ውበቱ እየሳቀ «አንተ እጅ ነህ፤ ዓይኑ እኔ ነኝ» ብሎታል። መሳፍንትም ስቋል፤ ነገር ግን ሳቁን ትቶ ከተማ ሊያድር ሲወርድ ማንንም አልተሰናበተም። ውበቱ ጓሮ ሲፈልጥ እሷ በስልኳ ለቲክቶክ ብላ ቀርጻዋለች፤ መሳፍንትም አጠገቧ ሆኖ በካሜራው ቀድቶታል።

ፍሥሐ የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ የደረሰው ዛሬ ጧት ነው። የትናንቱን ልምምድ አላየም። ጥያቄዋን የመለሰው ስለ ሥራው እንደሚያወራ ሰው፣ ተረጋግቶ ነበር።

«ድምፁ ጥርት ያለ ነበር?»

«ጥሩ ነበር። ጅራፍ ሁለት ጊዜ ገባብኝ እንጂ። ገጠር ነው፤ ምን ይደረጋል።»

«የምን ጅራፍ?»

«የሚያርሱ ሰዎች ይሆናሉ። ይስሙት።»

ማዳመጫውን አቀበላት። መጥረቢያው ሦስት ጊዜ አረፈ። ከሩቅ ጅራፍ ጮኸ፤ አንድ ገበሬ በሬውን በስሙ ጠርቶ ገሠጸ። ፈላጩ ሳለ። መጥረቢያው ቀጠለ። የብርጓል ያደገችው ከደምበጫ ወጣ ባለ መንደር፣ ለአባቷ እርሻ ላይ ምሳ እያደረሰች ነው። ማዳመጫውን አውልቃ በቀጥታ ወደ ጎተራው ሄደች።

«አያ አበባው፣ በሬዎችዎ የት ናቸው?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ጥያቄው ከሰው ሞት ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባቸውም። «ከበረት ነው እንጂ የት ይሆናሉ? ሚካኤል አይደል?»

«ከጎረቤትስ ዛሬ ሞፈር ያነሣ አለ?»

«የኔ ልጅ፣ ከየት አገር ነው የመጣሽ?» አሉ፣ እጃቸው መታሠሩን እስኪረሱ ተቆጥተው። «በሰኔ ሚካኤል የሚያርስ ሰው በዚህ ወረዳ የለም። በረዶው ለይቶ አይወርድም፤ አገሩን ሁሉ ነው የሚመታ። ልጁስ ዛሬን የመረጠው ለምን መሰለሽ? ትናንት ማታ እነዚያ ከወረዱ በኋላ ለብቻው መጥቶ፣ ‹በሥራ ቀን ጅራፉ አላስቀዳኝ አለ፤ ነገ አገሩ ጸጥ ይልልኛል› ብሎ ለመነኝ። ቅረጽ አልሁት፤ መጥረቢያ ግን አትንካ። እሺ አለኝ። ታቦቱ ገብቶ ሸለቆውን ስሻገር ከገዛ ግቢዬ ፍልጥ ሰማሁ። ደሜ ፈላ፤ ሮጥሁ።»

«መጥረቢያውን ለምን ያዙት?»

«ብረት ሰው ላይ ተተክሎ አይቼ እንዴት ልተወው? ነቀልሁት።»

የደብሩን አስተዳዳሪ ቄስ ኃይለ ሚካኤልን ሳጅኑ ሄዶ አመጣቸው። ቄሱ ብዙ አልተናገሩም። ካፊያው ከመጣሉ በፊት ታቦቱ ወጥቶ ነበር፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥላ የያዘው አበባው ነው፤ ክንዱ ሲዝል ሌላ ሰው ይያዝ ቢሉት እንቢ ብሏል። ይህን ሦስት መቶ ሰው አይቷል።

የቀረው መሳፍንት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ቀጠን ያለ፣ እጁን አንድ ቦታ ማሳረፍ የማይችል። የብርጓል የተቀረጸውን እንዲያሳያት ጠየቀችው። ካሜራውን ሲከፍት የእጁ መቅበጥበጥ ቆመ።

«ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ አዩት?» አላት። «ተመልካቹ ወደ ማዕዘኑ መዞር ይፈልጋል፤ አናዞረውም። ሰማዩን ቆርጬ አውጥቼዋለሁ፣ መሸሻ እንዳይኖረው። ሴቲቱን ወደ ግራ ገፋኋት፤ ቀኙ ባዶ ይሆናል። ዓይን ባዶ ቦታ አይወድም። አንድ ሰው እንዲገባበት ይጠብቃል፤ ማንም አይገባም። አንድም ጠብታ ደም ሳናሳይ ሰውየውን ወንበሩ ላይ አሥረነዋል።»

«ሐሳቡ የማን ነበር?»

ካሜራውን ዘጋ። ከዚያ «የድርሰቱ ወረቀት ላይ የውበቱ ስም ነው ያለው» አለ።

በዚህ መሐል የመኪና ድምፅ ከመንገዱ ተሰማ።

አወቀ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ ሰው ነው። ከአይሱዙው ላይ ዘሎ ሲወርድ ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ ምድር ነበር፤ አቶ አበባውን ሲያይ ቀና አለ። የሽማግሌው ትልቅ ልጅ አባቱ ፊት ቆመ። ሳጅኑ ሽጉጡን መዘዘ። የብርጓል ምንም አልመዘዘችም፤ በሁለቱ መካከል ገብታ ቆመች።

«ወንድሜ አወቀ፣ ሰውየው ታሥሯል፤ የትም አይሄድም። ሩብ ሰዓት ስጠኝ። ካልጣመህ እኔን አልፈህ ግባ።»

«ወንድሜን እንደ ግንድ ፈልጠውታል» አለ አወቀ። ድምፁ አልጮኸም። «ሩብ ሰዓት ምን ያደርግልኛል?»

«የፈለጠውን ሰው ትሰማዋለህ።»

ሁሉንም ደጃፉ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሂዊ መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ ቄሱና ወይዘሮ ሥራነሽ በሩ ላይ ቆሙ፤ ፍሥሐ መሣሪያውን ታቅፏል፤ መሳፍንት ካሜራው አጠገብ ነው። አወቀ አልተቀመጠም። ጣቱ ቃታው ላይ ነው።

«ሁላችሁም አንድ ነገር ትላላችሁ» ብላ ጀመረች የብርጓል። «ውበቱ እስከ አምስት ሰዓት ይፈልጥ ነበር፤ ድምፁ ሲቆም ሞተ፤ ያን ጊዜ አጠገቡ የተገኙት አያ አበባው ናቸው። እኔ ግን ከሬሳው ጀመርሁ። ጀርባው ርጥብ ነው፣ ደሙ በውኃ ቀጥኗል፣ ከሥሩ ያለው ፍቅፋቂ ደረቅ ነው። ካፊያው የወረደው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው ማለት ነው። ካፊያው መቼ አባራ፣ ሂዊ?»

«እኔ መደቡ ላይ ከመቀመጤ በፊት» አለች ሂዊ፣ እና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«መጥረቢያው የጀመረው ግን አንቺ ከተቀመጥሽ በኋላ ነው። የሞተ ሰው ሩብ ሰዓት ሲፈልጥ ሰማችሁ። ግንዱንም አይቼዋለሁ፤ ጠባሳው ሁለት ነው። ፍሥሐ፣ ክፈተው።»

ፍሥሐ ከፈተው። መጥረቢያ፣ መጥረቢያ፣ መጥረቢያ። ጅራፍ። በሬውን የሚገሥጽ ገበሬ። ሳል።

በሩ ላይ የቆሙት ቄስ ተሳቀቁ። የአወቀ ያጎት ልጆች ተያዩ። አወቀ ራሱ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። እርሻው እስከ ሸለቆው ባዶ ነበር፤ አንድም ጥማድ አይታይም።

«ዛሬ ማን አረሰ?» አለ።

«ማንም» አለች የብርጓል። «አንተ ገበሬ ነህ፤ ሳልነግርህ አወቅኸው። ይኸ ጅራፍ የዛሬ አይደለም። ሂዊ፣ የትናንቱን አሰሚን።»

ሂዊ ስልኳን ከፈተች። ሦስት ምት። ጅራፍ። ያው ገበሬ፣ ያው በሬ፣ ያችው ሳል።

«ዛሬ የተሰማው የትናንቱ ልምምድ ነው፤ ጓሮ ውስጥ በተደበቀ ስፒከር የተለቀቀ። አያ አበባው ካፊያው ሳይጀምርም ሲጥልም ታቦት ላይ ጥላ ይዘው ነበር። ሂዊና ፍሥሐ ከወይዘሮ ሥራነሽ ጋር ቤት ውስጥ ነበሩ። ‹ውበቱ ዝግጁ ነኝ ብሏል› ብሎ ሂዊን ያስቀመጣት፣ የትናንቱን ድምፅ በካሜራው የቀዳው፣ ሬሳውም ሲገኝ ስፒከሩን ሊያነሣ ቀድሞ ሮጦ የተንበረከከው አንድ ሰው ነው። ሳጅን፣ የካሜራውን ቦርሳ።»

ሳጅኑ ቦርሳውን መሬት ላይ ዘረገፈው። ለሌንስ በተቆረጠው ስፖንጅ ውስጥ የጡጫ መጠን ያላት ስፒከር ነበረች። ወንፊቷ ላይ ርጥብ ፍቅፋቂ ተጣብቋል፤ በአንድ ጎኗ በደረቀ ደም የታተመ የጣት አሻራ አለ።

መሳፍንት ስፒከሯን አላየም። የሚያየው ካሜራውን ነበር።

«ከኮሌጅ ጀምሮ ይዤው የኖርሁት መክፈቻ ነው» አለ። «መጥረቢያው፣ ዝምታው፣ ባዶው ቀኝ። ለጓደኛዬ አሳየሁት። በስሙ ጻፈው። ‹ዓይኑ እኔ ነኝ› አለኝ፤ በእኔ ዓይን እያየ። ዛሬ ጧት ስሜን አብረህ ጻፍ ብዬ ለመጨረሻ ጊዜ ለመንሁት። ሁለት ጊዜ ፈለጠና፣ ሦስተኛውን ከማንሣቱ በፊት ሳቀብኝ። መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተክሎ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ስፒከሯን ከከተማ ይዘሃት ነው የመጣህ» አለች የብርጓል። «ድምፁንም ሌሊቱን ቆርጠህ ስልክህ ላይ ጭነሃል። ሳቀብኝ የሚለውን ለዳኛ ንገረው። ያየኸውን ሁሉ አስተካክለህ ነበር፤ ያልሰማኸው ነው የቀረህ።»

አወቀ ጠመንጃውን አዞረ። ማንም ሳይደርስ ሰደፉ መሳፍንት ፊት ላይ አረፈ፤ የአፍንጫው አጥንት ሲሰበር ሁሉም ሰማው። መሳፍንት ከነካሜራው ወደቀ። አወቀ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሣ የብርጓል ክንዱን ያዘችው፤ ጉልበቷ ሊያቆመው እንደማይችል ሁለቱም ያውቃሉ።

«አሁን ከገደልኸው» አለችው፣ «አያ አበባው ንጹሕ መሆናቸውን የሚናገር አፍ አይኖርም። ነገ ዛሬ እዚህ ያልነበረ ያጎትህ ልጅ እሳቸውን ሊበቀል ይመጣል።»

አወቀ ሰደፉን አወረደ። ከዚያ ጠመንጃውን ለሳጅኑ ሳይሆን ለቄሱ ሰጠ። ወደ ጎተራው ሄዶ ተንበረከከና የሽማግሌውን ገመድ በራሱ እጅ መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው ጠብቆ ነበር፤ ብዙ ደከመበት። አቶ አበባው የልጆቻቸውን ራስ እንደሚዳስሱ ራሱን ዳሰሱት።

«አባቴ፣ ደጅዎ ድረስ ብረት ይዤ መጣሁ» አለ አወቀ።

«ወንድምህን ከዚህ ይዘነው አብረን እንወርዳለን» አሉት።

ሳጅኑ መሳፍንትን ወስዶ፣ ሌሎቹ ሬሳውን በቃሬዛ እስኪያዘጋጁ ድረስ ደጃፉ ጭር አለ። አወቀ መደቡ ላይ፣ ሂዊ ተቀምጣበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠና ስልኳን እንድትሰጠው ጠየቃት።

ቪዲዮው ውስጥ ውበቱ እጅጌውን ሰብስቦ ይፈልጣል። በላብ ርሷል፤ ይስቃል። ሦስት ጊዜ መታ። ጅራፍ ጮኸ። ሳለ። እንደገና መታ፣ መታ። ከዚያ መጥረቢያውን ወደ ላይ እንዳነሣ ቆመ፤ ስልኩም ጨለመ።

አወቀ ስልኩን አልመለሰም። አንገቱን ወደ ቤቱ ማዕዘን አዘንብሎ፣ ድምፁ እንደገና እንዲጀምር ጠበቀ።